ከሃሎጂን ወደ ኤልኢዲ፦ በሞቃት ከተማ የስፖት ላይት ለውጥ

በኮርኒስ ውስጥ ተቀብሮ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያፈሰው ትንሽ አምፖል በተለምዶ ስፖት ላይት የሚባል ሲሆን፣ ነባሩ ዓይነት ሃሎጂን ነው። በሃሎጂን ውስጥ ከተንግስተን የተሠራ ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ኃይል ግሎ ያበራል፤ በአምፖሉ የታሸገው ጋዝም ከሽቦው የተነነው ተንግስተን ተመልሶ በሽቦው ላይ እንዲያርፍ በማድረግ ዕድሜውን ያራዝምለታል እንጂ፣ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት መለወጡን አያስቀረውም። ኤልኢዲ በአንጻሩ የሚግል ሽቦ የለውም፤ ብርሃኑ የሚመነጨው ከፊል አስተላላፊ ከሚባል ቁስ በተሠራ ቅንጣት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ ነው።

አሶሳን በመሰለ ሞቃት ከተማ ሃሎጂን ማብራት፣ ቀኑን ሙሉ በሞቀ ቤት ላይ ሌላ ሙቀት መጨመር ነው። የበራ ሃሎጂን መስታወት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ከመቻሉም ሌላ፣ የብዙዎቹ ባለ 12 ቮልት ስፖቶች አንጸባራቂ ብርሃኑን ወደ ፊት እየመለሰ ሙቀቱን ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ኮርኒሱ ውስጥ፣ እንዲያሳልፍ ሆኖ የተሠራ ነው። አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ቀርከሃ በስፋት የሚበቅልበት ክልል እንደመሆኑ፣ ኮርኒሱ ቀርከሃ ወይም እንጨት በሆነ ቤት ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የእሳት አደጋ ጉዳይ ይሆናል።

የፍጆታው ልዩነትም ቀላል አይደለም። እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሆኑ ስድስት ሃሎጂኖች በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ቢበሩ በ30 ቀናት 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በምትካቸው የሚገቡት ባለ 6 ዋት ኤልኢዲዎች ግን 5.4 ብቻ። በመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ሃሎጂኖቹ ብቻቸውን እርከኑን ሊሞሉት ምንም አይቀራቸውም። በክልሉ ጉባ ወረዳ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር የሚሸከመው ጭነት ውስን ነውና ምሽት ላይ የሚቆጠብ እያንዳንዱ ዋት ለጎረቤትም ይተርፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅያሬው ላይ ነው። እግሮቹ ጫፋቸው ወፈር ያለና በማዞር የሚገጠመው አምፖል በቀጥታ በ220 ቮልት ሲሠራ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች ያሉት ግን በአብዛኛው በኮርኒሱ ውስጥ ካለ ትንሽ ትራንስፎርመር 12 ቮልት ይቀበላል። ይህ ትራንስፎርመር ለከባድ ጭነት የተሠራ ስለሆነ በ6 ዋት ላይነሳ ወይም መብራቱን ሊያርገበግበው ይችላል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በአዲሱ አምፖል ላይ ያላክካል። መፍትሔው ለኤልኢዲ በተሠራ ትራንስፎርመር መተካት ነው። ኤልኢዲም ቢሆን ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋልና ከጀርባው አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ብሬከሩን ያጥፋ፣ አምፖሉ እስኪበርድ ይጠብቅ፣ ከዚያም አንዱን ነቅሎ ለናሙና ይዞ ይሂድ።