የራስ ኃይሉ ስምና የጠላት ቃል

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ወደ ጅቡቲ የወሰደው ባቡር በአቃቂ ሲያልፍ፣ የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ እስረኛ ሆነው በውስጡ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ከግዛታቸው ተሽረው ነበርና፣ ቂማቸው ያለ ምክንያት ነበር አይባልም። ነገር ግን ከመንገድ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ለጣልያን ባደሩ ጊዜ፣ በቂማቸው የተጎዳችው አገራቸው ሆነች።

ጠላት ከጦራቸው ይልቅ ስማቸውን ይፈልገው ነበር፤ የባዕድን መሐላ የማያምን አርበኛ የመስፍንን ቃል ያምናልና። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን በእርሳቸው አማላጅነት፣ ምሕረት እናገኛለን ብለው እጃቸውን ቢሰጡ፣ በፍቼ ተገደሉ።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአቃቂ መንገድ መጥቶ አዲስ አበባን ሲይዝ፣ በዚያው ቀን ራስ ኃይሉ በደብረ ማርቆስ ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነሡ። ምሕረት ሕይወታቸውን አተረፈ፤ የፍቼን ሙታን ግን አላስነሣም። እንግዲህ ሹመት የተቀበለ ሁሉ ስሙ የሕዝብ አደራ መሆኑን ይወቅ። የተበደለ ሰው አቤት ቢል ነውር የለበትም፤ ስሙን ለጠላት ያዋሰ ግን በቃሉ ታምኖ በሞተው ሰው ደም ይጠየቃል።