የድሬ ፀሐይና የፈታሹ ዓይን

ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ገና በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ለማረፍ ሲቃረብ የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። አፍንጫው፣ የፊት መስታወቱና ሞተሮቹ አንበጣ ለበሱ። የመስታወት መጥረጊያው አልረዳም። ለማረፍ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ስላልተሳካለት ወደ አዲስ አበባ አቅንቶ በሰላም አረፈ። ዜናው እዚህ ላይ አበቃ፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲደርሰው ግን የጥገና ባለሙያው ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

መስታወት ላይ የተለጠፈ አንበጣ ማንም ያየዋል። የሚያስፈራው ፍጥነት በሚለካው ቀጭን የፒቶ ቱቦ አፍ ውስጥ የተወተፈው ነው። ዓይን አንድ ጉልህ ነገር ካገኘ በኋላ ፍለጋውን ያላላል፤ ራጅ የሚያነቡ ሐኪሞችም በዚሁ ይፈተናሉ። አብዛኛው የአውሮፕላን ፍተሻ ደግሞ ዛሬም በዓይን የሚሠራ ነው።

ዓለም ይህን በቅጡ ያጤነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 የአሎሃ አየር መንገድ 737 ሃዋይ ሰማይ ላይ ጣሪያው ከተገነጠለና አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ከሞተች በኋላ ነው። መርማሪዎች በአውሮፕላኑ አካል ላይ የነበሩት ስንጥቆች በፍተሻ መገኘት እንደነበረባቸው ቢገልጹም፣ የፈታሹንም ኑሮ አዩለት፦ ሌሊት ነው፣ መወጣጫ ላይ ነው፣ መብራት ይዞ ሪቬቶችን አንድ በአንድ ያያል። አንዲት ተሳፋሪ ስትሳፈር ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ካናዳዊው ጎርደን ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1993 ባለሙያን የሚያሳስቱ 12 ምክንያቶችን ሲዘረዝር ድካም፣ ጥድፊያና ደፍሮ አለመናገር ገብተውበታል።

ከ12ቱ ለእኛ የሚከብደው ደፍሮ አለመናገር ይመስለኛል። አንጋፋው «ጨርሻለሁ» ብሎ የፈረመበትን፣ ወጣቱ «ጋሼ፣ እንደገና ልየው» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል።

በድሬዳዋው አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ሙቀቱም ይጨመርበታል። ከተማው በቀትር ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሲፈልግ አውሮፕላን ሰዓቱን አያሸጋግርም። ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ የክንፉ ነጸብራቅ ቀጭን የዘይት ፍሳሽን ይደብቃል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሰዓቱን እያየ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጥላና የእጅ ባትሪ እንደ ቅንጦት መታየት የለባቸውም።

ሁለተኛ ዓይንም ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፊት መስታወት በረራ ላይ ሲነቀል፣ ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ቀጭን ሆነው ተገኙ። የሌሊት ፈረቃው ኃላፊ ራሱ ገጥሞ ራሱ ነበር ያረጋገጠው። ለዚህ ነው ወሳኝ ሥራዎች ላይ ሁለተኛ ፈታሽ የሚጠየቀው። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት የክልል ጣቢያ ይህን ማሟላት ይከብዳል፤ ሁለተኛው ፈታሽ የመጀመሪያው ተማሪ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።