ክብደት መቀነሱ ሲቆም መፍትሔው ሁልጊዜ ምግብ መቀነስ ነውን?

ባሕር ዳር፦ የ48 ዓመት እናት ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። በባሕር ዳር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለግላሉ። የወር አበባቸው መዛባት ከጀመረ ወዲህ ወገባቸው እየሰፋ በመምጣቱ ቁርስና ምሳን ትተው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መመገብ ጀመሩ። በአራት ወራት ውስጥም ክብደታቸው ከ75 ኪሎ ግራም ወደ 66 ወረደ።

ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ቆመ። እራታቸውን በግማሽ ቢቀንሱም አልተንቀሳቀሰም። ይልቁንም ብርድ ብርድ ይላቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ረሃቡ አሸንፏቸው ያገኙትን ሁሉ ይመገባሉ። “ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?” ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ በርካታ ሴቶች ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ምላሹም ለአንዳንዶቹ ያልተጠበቀ ነው፤ መቀነስ ሳይሆን በልክ መጨመር።

ሰውነት ቀለብ ሲያጥረው

ነገሩን ለመረዳት ከብት አርቢ መሆን ይረዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጭድ ሲመናመን በሬ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ይቀንሳል፤ መተኛት ያበዛል፤ ሥጋውም ይጎድላል። በእንስሳት አመጋገብ ትምህርት እንደሚታወቀው፣ በዚህ ጊዜ እንስሳው ሕይወቱን ለማቆየት የሚያስፈልገው ቀለብ ራሱ ይቀንሳል። የክረምቱ ሣር ሲደርስ ደግሞ በፍጥነት ይወፍራል።

የሰው ሰውነትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወራት ቀለባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሰው ተከታትለው ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከዚሁ ጋር ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ኃይል እጅግ ቀነሰ፤ ብርድ ይሰማቸው ነበር፤ እንቅስቃሴያቸው ተዳከመ፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። ጥናቱ የተካሄደው በወጣት ወንዶች ላይ ቢሆንም የሚያሳየው ጠባይ በሴቶችም ይታያል። ሰውነት ጎተራው ሲጎድል እንደ ብልህ እመቤት ይቆጥባል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የተለመደ ቀመር መሠረት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 75 ኪሎ ግራም የሆነ የ48 ዓመት ሴት ቀኑን ሙሉ ብትተኛ እንኳን ሰውነቷ 1 ሺህ 350 ያህል ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ቀላል የቢሮና የቤት ሥራ ሲታከልበት ፍላጎቷ ወደ 1 ሺህ 900 ይጠጋል። ክብደቷ 66 ሲሆን ግን ይህ ፍላጎት ወደ 1 ሺህ 760 ይወርዳል። የቀለለ አካል ለመንቀሳቀስም ሆነ ለመኖር የሚያስፈልገው ትንሽ ነውና። ድካምና ቁጠባ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።

አሁን ይህች ሴት በሳምንቱ አምስት ቀናት 1 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ብቻ ተመገበች እንበል። በቀሩት ሁለት ቀናት ረሃቡ አሸንፏት በቀን 3 ሺህ 300 ብትመገብ፣ የሳምንቱ ድምር 11 ሺህ 600 ይሆናል። ለሰባት ሲካፈል በቀን 1 ሺህ 660 ያህል ነው። ይህም ሰውነቷ ከሚያቃጥለው ጋር ተቀራረበ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ ይቆማል። አምስት ቀን የታገሠችውን ሁለቱ ቀናት ወሰዱባት።

በአንጻሩ በየቀኑ ሳታቋርጥ 1 ሺህ 450 ብትመገብ የሳምንቱ ድምር 10 ሺህ 150 ብቻ ይሆናል። በሥራ ቀናት ጨምራ በመብላቷ በሳምንቱ የምትመገበው ቀነሰ። “ጨምሮ መብላት” የሚባለው ምክር ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። የተጨመረው ምግብ በራሱ ስብ አያቃጥልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ረሃቡን ማስታገስ፣ ለእንቅስቃሴ ጉልበት መስጠትና ጡንቻን መጠበቅ ነው።

“ዕድሜዬ ነው” ማለት በቂ ነውን?

በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ዓለም አቀፍ ጥናት ታትሟል። የአካል መጠን ከግምት ሲገባ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም እንደማይለዋወጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሁሉንም በዕድሜ ማመካኘት አይቻልም።

የሚለወጠው ሌላ ነው። በማረጥ ዘመን ኢስትሮጅን የተባለው ቅመም ሲቀንስ ስብ ከዳሌና ከጭን ይልቅ ሆድ አካባቢ መከማቸት ይጀምራል። የሌሊት ሙቀትና ላብ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ረሃቡ ይበረታል። ጡንቻና አጥንትም በእነዚህ ዓመታት ይሳሳሉ። ራስን በማስራብ የሚጠፋው ክብደት ሁሉ ስብ አይደለም፤ ከፊሉ ጡንቻ ነው። ጡንቻዋን ያጣች ሴት ሚዛን ላይ ቀልላ ብትታይም በ70 ዓመቷ ከመቀመጫዋ ለመነሣት የሚያስቸግራት እርሱ ነው።

አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው

ሚዛኑ የቆመባት ሴት ሁሉ ምግብ አንሷት ነው ማለት ግን አይደለም። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት፣ ጥቂት እየበሉ መክሳት እንዳልቻሉ የተናገሩ 10 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰዎቹ ከሚመገቡት ግማሽ ያህሉን ሳያውቁት ሳይቆጥሩት ቀርተዋል።

በእኛም ቤት ሳይቆጠር የሚያልፍ ብዙ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ኪሎ ካሎሪ አለው። በስኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን አራት ስኒ ቢጠጣ ወደ 200 ይደርሳል። ከቡና ጋር የሚታፈሰው ቆሎ፣ ልጆች ያስተረፉት ፍርፍር፣ በጾም ወጥ ላይ የሚፈሰው ዘይትም እንዲሁ። ስለዚህ ከመጨመርም ከመቀነስም በፊት ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ የሰባት ቀን ምግብን ሳይደብቁ መጻፍ ይገባል። ጽሑፉ የሥራ ቀናት ረሃብን ካሳየ መጨመር፣ ዘይትና ስኳርን ካሳየ እነርሱን መቀነስ ይሻላል።

ምን ይጨመር?

ለመጨመር የሚያስፈልጋት ሴት በመጀመሪያ የምትመልሰው ቁርስን ነው። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጭማሪውም አብዛኛው ገንቢ ምግብ ይሁን። ክብደት እየቀነሱ ጡንቻን ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1 ነጥብ 2 ግራም ፕሮቲን ብዙ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለ66 ኪሎ ግራም ሴት ከ65 እስከ 80 ግራም ያህል ማለት ነው።

ይህን ከገበያችን ማግኘት አይከብድም። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን አላቸው። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ ወይም ምስር 20 ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛል። የጣናው ቆሮሶም ሥጋው ስብ ያነሰውና ፕሮቲኑ የበዛ ነው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ንፍሮና በቆልት ቦታውን ይይዛሉ፤ ወጡ ወፍሮ፣ እንጀራው በልክ፣ ጎመኑ በዝቶ ይቅረብ።

ምግቡ ብቻውን በቂ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር ሥራ ይመክራል። ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በእጅ መግፋት፣ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ማንሣት ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ያህል ቢጨምር መደናገጥ አይገባም፤ የተመለሰው ምግብ በሰውነት ውስጥ ውኃ ይይዛል። ከሚዛን ይልቅ ወገብን በሜትር መለካት የተሻለ ይናገራል።

ማን ሐኪም ያማክር?

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለና ከድካም ጋር ብርድ የሚሰማቸው ሴቶች አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ጤና ተቋም ይሂዱ። ማረጥ ካለፈ በኋላ ደም ከታየ ወይም ሳይፈልጉት ክብደት ከቀነሰ ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ቤተሰቡን አብልታ የቀረውን ለምትመገብ የገጠር እናት ደግሞ ጥያቄው መክሳት አይደለም፤ ከሌሎቹ እኩል መመገቧ ነው።

የባሕር ዳሯ እናት ከባለሙያ ጋር ተማክረው ቁርስ ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ሚዛኑ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ከ66 በጥቂቱ ወርዷል። ቀሚሳቸው ግን ወገቡ ላይ ሰፍቷቸዋል፤ የቅዳሜው ረሃብም ቆሟል። “ደረጃውን ሳላርፍ እወጣዋለሁ” ብለዋል።