ውሳኔው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤን.ቢ.ኤ. አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጥበት ድራፍት ሲቃረብ፣ ቁመታቸው የቢሮዬን በር ጉበን ሊነካ የደረሰ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየመጡ ይጠይቁኛል፤ ኮሌጅ ይሻላል ወይስ በአቋራጭ ወደ ገንዘቡ? መልሴ ኮሌጅ ነው። ምክንያቴ ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል።

ድሮ ክርክሩ ከባድ ነበር። ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ገብተው ገነኑ። በዚያው መንገድ የሄደው ኮርሊዮን ያንግ በ1998 ዲትሮይት መርጦት በሊጉ የተጫወተው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። ሌኒ ኩክ ደግሞ በ2002 ለድራፍት ቢቀርብም ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ሊጉ አንድ ተጫዋች በዚያ ዓመት 19 ዓመት እንዲሞላው፣ አሜሪካ የተማረ ከሆነም ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ አንድ ዓመት እንዲያልፈው ደነገገ።

ያኔ ኮሌጅ ገብቶ መጫወት ያለ ደመወዝ መጫወት ስለነበር፣ ቤተሰቡ የተቸገረ ልጅ ቢቸኩል አይፈረድበትም። ዛሬ ያ ምክንያት ሳስቷል። ከ2021 ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያገኝ ተፈቀደለት፤ ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ኮሌጅ ለማይገቡ ወጣቶች ደመወዝ ይከፍል የነበረው የኤን.ቢ.ኤ. ማሳደጊያ ሊግ (ጂ ሊግ) ቡድን ኢግናይት ደግሞ በ2024 ተዘጋ። እዚህ ላይ የኛን ልጆች የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አለ፤ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ የሥራ ገደብ ስላለበት፣ ማንኛውንም የክፍያ ውል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

«ጉልበት አይጠብቅም፤ ትምህርት ግን የትም አይሄድም» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ሐሰት አይደለም። ሻኪል ኦኒል ዲግሪውን በ2000፣ ስቴፈን ከሪ በ2022 ነው ተመልሰው የጨረሱት። ሁለቱም ሲመለሱ ግን የቤት ኪራይ አያሳስባቸውም ነበር። በዓመት በድራፍት የሚመረጡት ወደ 60 ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ዋስትና ያለው ውል በደንብ የሚጠብቃቸው የመጀመሪያው ዙር ተመራጮች ናቸው። እዚያ እንደሚገባ የሊጉ ገምጋሚዎች የነገሩት ልጅ ይሂድ፤ እኔም መርቄ እሸኘዋለሁ። አሠልጣኙና የሰፈሩ ሰው ብቻ የነገሩት ልጅ ግን ይቆይ።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ችግር ታዲያ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በቅርቡ አንድ አባት «እህቴ፣ የሚፈልጉት ኮሌጆች አሉ፤ አንድ ዓመት ተጫውቶ ቢወጣ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። የልጁን ትራንስክሪፕት ከፈትኩት። በኮሌጆች የላይኛው እርከን፣ በዲቪዥን አንድ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ለመጫወት 16 መሠረታዊ ኮርሶችና በእነዚሁ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። 12ኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ የ10ሩን ውጤት ደግሞ በመማር ማሻሻል አይቻልም።

ልጁ አዲስ አበባ ዘጠነኛን ጨርሶ መጥቶ፣ እዚህ እንደገና ዘጠነኛ ገብቷል። ቤተሰቡ አንድ የመጫወቻ ዓመት ያተረፈ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ አራቱን ዓመት የሚቆጥረው ግን ልጁ መጀመሪያ ዘጠነኛ ከገባበት ቀን ነው፤ አገሩ የትም ይሁን። ለጀማሪዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍልም ከ16ቱ አልተቆጠረለትም። አባትየው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበትና «ይህን የነገረን ሰው የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የቀረው መንገድ በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ በኩል ነበር፤ ብዙ ልጆችን ያሻገረ ጥሩ መንገድ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሌላው ሲዘጋ የተረፈ እንጂ አስቦበት የመረጠው አልነበረም።

ውጤቱ ያለው ልጅ ግን መደራደር ይችላል። መልማዮች ቤት ሲመጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቢጎዳ ስኮላርሺፑ ይቀጥላል? ሳይመረቅ ቢወጣ፣ ሲመለስ ይከፈልለታል? የልምምዱ ሰዓት የሚፈልገውን ትምህርት እንዲያጠና ይፈቅድለታል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለአንድ ዓመት ይግባ ወይስ ለአራት ብሎ መከራከር የሚችለው ኮሌጅ ሊቀበለው የሚችለውን ልጅ የያዘ ቤተሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ዘጠነኛ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አማካሪው ዘንድ ሂዱና የኮርሶቹን ዝርዝር ዘርግታችሁ፣ ከ16ቱ የሚቆጠረው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ አስመልክቱት። ስለ ድራፍቱ ለማውራት ገና ብዙ ጊዜ አላችሁ።