ለባስ ጊታር የሚስማማ ሳጥን እንዴት ይመረጣል?

በጎንደር ከተማ፣ ማራኪ በሚባለው ሠፈር፣ አንድ ሠርግ ነበር። ድንኳን ተጥሎ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ የሠፈሩ ወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ጨዋታ ጀምሯል። እኛም ለማስተማር ወደዚያ የዘመትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠርተን ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠናል። የባስ ጊታሩ ድምፅ አግዳሚ ወንበሩን ያንቀጠቅጠው ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጫወቱ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወዲያው ባሱ ጸጥ አለ። ሠርጉ ግን አልቆመም፤ እናቶች ከበሮአቸውን አንስተው እስኪነጋ አደረሱት።

በማግስቱ ወጣቶቹ አምፕሊፋየሩን ተሸክመው ወደ ማስተማሪያ ክፍላችን መጡ። ዕቃው በየወሩ ካዋጡት ገንዘብ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ሌላ ነው፤ ለሠርጉ ብለው ከሌላ ሠፈር የተዋሱት የስፒከር ሳጥንም አብሮ ተቃጥሏል። የሰው ንብረት! ባስ የሚጫወተው ልጅ «በቀን ሥራም ቢሆን እከፍላለሁ» እያለ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተል ጓደኛ ስላለን የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አዙረን አየን። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች። ቃሉ የውጭ ቋንቋ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ «100 ዋት» እና «4 ኦም» ይላል። ከ4 ኦም በታች አታሸክሙኝ ማለቷ ነው። ልጁ ጽሑፏን አላነበበም እንዳንል አንብቧታል። የራሳቸው ሳጥን 4 ኦም ነው፤ የተዋሱትም 4 ኦም ነው። «አራትና አራት ስምንት አይዶል? እንዲያውም ይተርፋል ብዬ ነው» አለን።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ኦም ማለት በስፒከሩ ውስጥ ያለው ሽቦ የኤሌክትሪክን ጉዞ ምን ያህል እንደሚገታ የሚነግረን መለኪያ ነው። ኦሙ ሲበዛ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል፤ ኦሙ ሲያንስ የሚያልፈው ይበዛል። እንግዲህ የመስኖ ውሃን እናስብ። ከግድቡ አንድ ቦይ ብንከፍት ውሃው በልኩ ይሄዳል። ጎን ለጎን ሁለተኛ ቦይ ብንከፍት የሚወጣው ውሃ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሳጥኖች በአምፕሊፋየሩ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ሲሰኩም እንደዚሁ ነው። ጠቅላላው ኦም አይደመርም፤ ይቀንሳል። አራትና አራት ሁለት ይሆናል ማለት ነው።

ሳጥኖቹ እኩል ከሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የአንዱን ኦም በሳጥኖቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች 4 ኦም ይሆናሉ። እኩል ካልሆኑ ግን ሁለቱን አባዝቶ በድምራቸው ማካፈል ያስፈልጋል። 8ን በ4 ብናባዛ 32፣ ድምራቸው 12፣ ሲካፈል 2.7 ኦም ያህል ይወጣል። ይኸም ከ4 በታች ስለሆነ ለዚያ አምፕሊፋየር አይሆንም።

2 ኦም የተጫነበት አምፕሊፋየር ያለ ልኩ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ በሚሰጥበት ጊዜም ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ይግላሉ፤ በመጨረሻም ይቃጠላሉ። ትራንዚስተሩ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ መንገዱን ዘግቶ ሳይሆን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነው የሚሞት። ያን ጊዜ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሙዚቃ መሆኑ ይቀርና እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ይህን አይችልም። የተዋሱት ሳጥን የተቃጠለበት ምክንያት ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ከዕቃ ላይ አንስቶ የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ነው። ታዲያ አምፕሊፋየርን ለጌጥ ብሎ በጨርቅ መሸፈን ምን ይሉታል? እኛ ግን አይተናል።

አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ የድሮ አምፕሊፋየር ሲያጋጥም ደንቡ ይለያል። እሱ ብዙውን ጊዜ በጀርባው ለ4፣ ለ8 እና ለ16 ኦም የተለየ ቀዳዳ ወይም መምረጫ አለው። ሳጥኑን በቁጥሩ ትይዩ መሰካት ነው። ያለ ሳጥን ማስጮህ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይበላሻል።

የሳጥኑ ጽሑፍ ተፍቆ ከሆነስ? የሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙት ቴስተር ይበቃል። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ወደ 6 ገደማ፣ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ቁጥሩ አነሰ ተብሎ አይደነገጥም፤ ቴስተሩ የሚለካው ቆሞ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው።

ከኦም ቀጥሎ ዋት ነው። በሳጥን ላይ የተጻፈ ዋት ሳጥኑ ስንት እንደሚችል እንጂ ስንት እንደሚጮህ አይናገርም። 500 ዋት የተጻፈበት ሳጥን ከ200 ዋቱ ይልቅ ይጮሃል ብሎ መግዛት ትልቅ ጆንያ ስለያዙ ብዙ እህል ይገኛል እንደማለት ነው። ደግሞም አንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ቁጥር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለው ከዚያ ግማሽ ወይም ያነሰ ይሆናል። መጠየቅ ያለበት ሳያቋርጥ የሚችለው ነው። ለ100 ዋት አምፕሊፋየር ከ150 እስከ 200 ዋት የሚችል ሳጥን ብንይዝ አንጸጸትም፤ አምፕሊፋየር ከልኩ በላይ ሲከፈት ከተጻፈበት ዋት አልፎ ይሄዳልና።

ጩኸቱን የሚናገር ሌላ ቁጥር አለ። ስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ የሚገልጽ ነው። ሻጮች አያነሱትም፤ ገዢዎችም አይጠይቁም። ባለ 97 ዴሲቤል ስፒከር በ50 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ ባለ 94ቱ ለማሰማት 100 ዋት ይፈልጋል። ሦስት ቁጥር ልዩነት አንድ ሙሉ አምፕሊፋየር ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ለመሆኑ ስፒከር ሳጥን ለምን ያስፈልገዋል? ይህን ለወጣቶቹ በቃል ከምንነግራቸው በዓይናቸው እንዲያዩት አደረግን። አንድ ስፒከር ከሳጥኑ አውጥተን በሌላ ደህና አምፕሊፋየር፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ጠረጴዛ ላይ አስጮህነው። እንደ ትንኝ ድምፅ ሆነ። ከዚያ መካከሉ የተቦረቦረ ሰፊ ሳንቃ አምጥተን ስፒከሩን ቀዳዳው ላይ ደገፍነው። ባሱ ወዲያው መጣ። ምክንያቱ ይህ ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ፊት ለፊት ያለው አየር ይታመቃል፤ ከጀርባ ያለው ይሳሳል። በመካከላቸው የሚከለክል ነገር ከሌለ የጀርባውና የፊቱ ዞረው ይገናኙና ይጣፋሉ። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገብ፤ የሞገዱም ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ባስ ያለ ሳጥን ባስ አይሆንም።

ከተማሪዎቻችን አንዱ አናጢ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን ስለሚበልጥ አያ እንላቸዋለን። የስፒከር ሳጥን ነገር ሲነሣ «ይኸማ የበገና ሥራ ነው፤ ስስ እንጨት ስጡኝና ላዘምርላችሁ» አሉን። አባባላቸው ግማሹ እውነት ነው። የበገና አሥሩ ክሮች ከታች ያለው ቆዳ የለበሰ ሳጥን ባይኖር ድምፃቸው ከቤት አይወጣም ነበር። ይሁን እንጂ የበገና ሳጥን ራሱ ይርገበገባል፤ ዜማው ከእሱ ነው። የስፒከር ሳጥን ግን ዲዳ መሆን አለበት። እሱ ከዘፈነ ያልተነካ ድምፅ ይጨምራል፤ ባሱም ይደበላለቃል። ስለዚህ 18 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ፣ ከውስጥም ማገር ያስፈልገዋል። አያ ለሁለት ቀን አላመኑንም። በጣታቸው እያንኳኩ ሰሙ፣ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ፣ በመጨረሻ «እንግዲያው የምትፈልጉት ሳጥን ሳይሆን ግድግዳ ነው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እኛም አላገኘንለትም።

የባስ ሳጥን በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ድፍን ነው። ሁለተኛው በልክ የተቆረጠ የአየር መውጫ ቀዳዳ አለው። ባለ ቀዳዳው የጀርባውን አየር ስለሚጠቀምበት ወፍራሙን ድምፅ ከፍ አድርጎ ያወጣል። ነገር ግን ቀዳዳው ከተለካበት ድምፅ በታች ሲወረድ የስፒከሩን ወረቀት የሚይዘው አየር ያጣል፤ ወረቀቱም ያለ ልጓም ይወራጫል። የድፍኑ ድምፅ ጥልቀቱ ቢያንስም ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ይቆማል። የእኛ አስተያየት ለጎንደር እስክስታ ድፍኑ ይሻላል የሚል ነው። ችክችካ ፈጣን ምት ነው፤ አንዱ ድምፅ ሳይቆም ሌላው ከደረሰበት ትከሻ የሚመታው ሰው ምቱን ይስታል። ለዝግታ ትዝታ ባለ ቀዳዳውን የሚመርጥ ቢኖር አንቃወመውም።

ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስ፣ ከፍተኛ ጩኸት፣ ሦስቱን በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን መተው ግድ ነው። ይህን የሳጥን ሠሪዎች የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል። በአህያ ወይም በባጃጅ ለሚጓዝ ቡድን የሳጥን ክብደት ቀላል ነገር አይደለም።

የስፒከር ስፋት በኢንች ይነገራል፤ 10፣ 12፣ 15። ሰው 15ቱን ሲያይ ባሱ ከዚያ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ባስ ጊታር ዕድሜው አጭር ነው፤ የፌንደር ኩባንያ በእንጨት ግንድ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ባሱን ያወጣው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። በ1952 ለዚሁ ብሎ ያወጣው አምፕሊፋየር አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ነበረው። አምፔግ የተባለው ኩባንያ ግን በ1969 ላወጣው 300 ዋት አምፕሊፋየር ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን በድፍን ሳጥን አሰለፈለት፤ በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይም ቆመ። በአገራችንም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮና የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ ባስ ጊታርን ለጆሮአችን አለማመዱት። በባህል ቡድኖችም ዘንድ ባስ ክራር በአምፕሊፋየር ይሰማል። ለእሱም የሚሆነው የባስ ሳጥን ነው። ለሊድ ጊታር የተሠራ ሳጥን፣ ኦሙም ዋቱም ልክ ቢሆን፣ ለባስ አይሆንም። ወረቀቱ ሩቅ እንዲገፋ አልተሠራምና ይቀደዳል።

አምፕሊፋየሩ ትራንዚስተር ተለውጦለት ዳነ። ለአዲሱ ሳጥን ሁለት ባለ 10 ኢንች፣ እያንዳንዳቸው 4 ኦም፣ 100 ዋት የሚችሉ ስፒከሮች ተገዙ። አንዱ ከሌላው ጋር ተከታትሎ ሲቀጠል ኦሙ ይደመራል፤ እዚህ ላይ አራትና አራት በእርግጥ ስምንት ነው። ባሱን የሚጫወተው ልጅ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። 8 ኦም የመረጥነው አስበንበት ነው። 100 ዋቱ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል፤ ጆሮ ግን ልዩነቱን ብዙ አያውቀውም። ወደፊት ተመሳሳይ ሳጥን ቢጨመር ሁለቱ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩም ሙሉ ኃይሉን ያለ ሥጋት ይሰጣል። ድምፁም እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል።

ሁለቱን ስፒከሮች ስንቀጥል አንድ ነገር ተጠነቀቅን። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ከሳበ ባሱ ይጠፋል። ይህን ለማወቅ አንድ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ከስፒከሩ ሁለት ጫፎች ጋር ለቅጽበት ነካ ሲደረግ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የድንጋዩ ጉብ ያለው ራስ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው። ምልክት ይደረግበታል። ከአምፕሊፋየር ወደ ሳጥን የሚሄደው ገመድም ወፈር ያለ ሁለት ሽቦ እንጂ ከጊታር የሚመጣው ቀጭን ገመድ መሆን የለበትም።

አያ ሳጥኑን በኮላና በብሎን ገጠሙት። ሲያልቅ ጧፍ አብርተው፣ ልጁን «በል ወፍራሙን ምታ» እያሉ፣ መገጣጠሚያውን በነበልባሉ ዞሩት። በአንዱ ጥግ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ። አየር ያስወጣል ማለት ነው። ኮላ ጨመሩበት። የተቃጠለው የውሰት ሳጥን ስፒከር ተለውጦለት ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ሒሳቡንም ቡድኑ ተካፍሎታል እንጂ ልጁ ብቻውን አልከፈለም። ለሁለተኛው ሳጥን እንጨቱ ተገዝቷል፤ ስፒከሩ ገና ነው።