ለዐረፋ አገር ቤት ስንሄድ

  

የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየች በኋላ የአዲስ አበባን መናኸሪያዎች ያየ ሰው ዐረፋ መድረሱን ለማወቅ ሌላ ነጋሪ አያሻውም። መርካቶ ሱቅ በሱቅ ይዘጋል። ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወራቤ የሚወስደው መንገድ በሰውና በዕቃ ይሞላል። ስልጤውና ጉራጌው ወደ ቀዬው፣ ወሎዬውም መንገዱ ሲፈቅድለት ወደ ደሴና ወደ ከሚሴ ያቀናል። ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ የከረመ ቤተሰብ የሚገናኘው በዚህ ዒድ ነው። እኛም ከዚያው አገር ነንና ነገሩን ከውስጥ እናውቀዋለን።

ባለፈው ዓመት ከዐረፋ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ወደ እኛ ቀረበ። «ሼኽ፣ አራት ዐረፋ ሙሉ እናቴን አላየሁም። ሥራ ተበላሽቶብኝ ባዶ እጄን መግባት አፍሬ ነው። ወንጀል አለብኝ ወይ?» ሲል ጠየቀን። የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። ጠያቂው አንድ ቢሆንም በዚህ ምክንያት ከዘመድ የቀረው ብዙ ነውና።

ዝምድናን መቀጠል፣ ማለትም ሲለቱ-ረሒም፣ ያሻው የሚሠራው ያሻው የሚተወው ነገር አይደለም። ዑለማእ በጥቅሉ ግዴታ መሆኑን ይናገራሉ፤ መቁረጡንም ከከባድ ወንጀሎች ይቆጥሩታል። ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚሻ ሰው ዝምድናውን እንዲቀጥል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። እንግዲህ ይህ ወንድማችን የተገላቢጦሽ ሆኖበታል። ሲሳይ ጠበበኝ ብሎ ሲሳይ ከሚሰፋበት በር ራቀ።

ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ ነው አንልም። ከከተማ የመጣ ሰው ለእናቱ ጋቢ፣ ለአክስቶቹ ሻሽ፣ ለየቤቱ ስኳርና ቡና፣ ለልጆች ልብስ ይዞ ካልገባ «ምን ሠርቶ ከረመ?» የሚል አንደበት በየመንደሩ አለ። ስጦታ የተወደደ ሱና ነው። ነገር ግን ሰው ለጋቢ መግዣ ተበድሮ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ የሚከፍል ከሆነ፣ ወይም ዕዳውን ፈርቶ እናቱን ሳያይ የሚከርም ከሆነ፣ ልማዱ ከሸሪዓው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ዝግጅት በገጠር ሆናችሁ የምትከታተሉ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ደጃፍ ሲደርስ ዓይናችሁ መጀመሪያ ፊቱን ይይ፤ ፌስታሉን ተዉት።

ተኳርፎ የቀረም አለ። «እነርሱ ሳይጠይቁኝ እኔ ለምን እሄዳለሁ?» ይላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝምድናን ቀጠለ የሚባለው ለተደረገለት መልስ የሚሰጠው ሰው ሳይሆን፣ ሲቆርጡት የሚቀጥለው መሆኑን አስተምረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በመሬትና በውርስ የተጣላችሁ ወንድማማቾች፣ ክርክሩን ለሽማግሌ ወይም ለቃዲ አቆዩት። ዒድ ላይ ሰላም ለመባባል ፍርዱ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሙስሊም ያልሆነ ዘመድ ያለውም ሰው አይተወው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ገና ያልሰለሙ እናቷ ሲመጡባት ትቀበላቸው እንደሆነ ብትጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናዋን እንድትቀጥል አዘዋታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ዑለማእ ሶላት የሚያጥርበትን ርቀት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ አድርገው ይገምቱታል። ቡታጅራም፣ ወራቤም፣ ደሴም ከዚህ ይርቃሉ። ማሳጠሩ የሚጀምረው ከከተማው ከወጡ በኋላ ነው። ሻንጣውን አስሮ ገና ከቤቱ ሳይነሳ ዙህርን ሁለት ረከዓ የሚሰግድ አለ፤ ይህ አይሆንም። የሚያጥሩት ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ናቸው። ሱብሕና መግሪብ እንዳሉ ይሰገዳሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሙሳፊር ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመር ይችላል። የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች ግን ከሐጅ ውጭ አያጣምሩም። ስለዚህ ሾፌሩን መኪናው ከመነሳቱ በፊት አነጋግሩት። መሐል መንገድ ላይ «አቁም፣ አታቁም» እየተባለ ሲጨቃጨቁ ወቅት ያልፋል።

ከደረስንስ በኋላ? ሚስቱና ልጆቹ እዚያው አገር ቤት ሆነው እርሱ መርካቶ የሚነግድ ሰው፣ ቀዬው ሲገባ አገሩ ገባ፤ ሶላቱን ይሞላል። ኑሮውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ያደረገና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ የሄደው ግን ለስንት ቀን እንዳሰበ ይታያል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከገባበትና ከሚወጣበት ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት ካሰበ ይሞላል። በሐነፊይ ደግሞ ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው።

ስለ ቅርጫም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከከተማ የገባው ሁሉ ተሰብስቦ በሬ ይገዛል። በሬ ለኡድሒያ የሚበቃው እስከ ሰባት ሰው ነው። አሥርና አሥራ ሁለት ሆነው ተካፍለው ኡድሒያ አረድን የሚሉ አሉ። ሥጋው ሐላል ነው፤ ኡድሒያ ግን አልሆነላቸውም። ከዒድ ሶላት በፊት የታረደውም እንደዚሁ።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው የወላጆቻችንን ወዳጆች ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በመካ መንገድ አንድ የገጠር ሰው አግኝተው የሚቀመጡበትን አህያና የራሳቸውን ጥምጣም ሰጡት። ጓደኞቻቸው ተገርመው ጥቂት ቢሰጠው ይበቃው እንደነበር ሲናገሩ፣ የዚህ ሰው አባት ለአባታቸው ለዑመር ወዳጅ እንደነበር ገለጹላቸው። ታሪኩን ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለሟች ባለቤታቸው ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ወዳጆች ይልኩ ነበር።

እኛ ይህን ለሰው እያስተማርን ራሳችን ጥፋተኛ ሆነን ተገኝተናል። አሊፍ ባ ያስቆጠሩን የአባታችን ጓደኛ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አባታችን እጃቸውን ይዞ መስጊድ ያደርሳቸው ነበር። አባታችን ካለፈ ወዲህ ሦስት ዐረፋ ያህል አገር ገብተን፣ በግብዣ ብዛት ወደ እርሳቸው ሳንዘልቅ ተመለስን። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በአራተኛው ስንሄድ በሸዕባን አርፈው ደረስን። «የአሕመድ ልጅ መጣ እንዴ?» እያሉ በየዒዱ ይጠይቁ እንደነበር ልጃቸው ነገረን። አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ የምንገባው እዚያ ቤት ነው፤ ያመለጠንን ግን አይመልስልንም።

መንገድ ያልተመቸው፣ አረብ አገር ያለ፣ የታመመ፣ ሥራ ያልለቀቀው ሰው ስልክ ይደውል። ለእናት የሚደወለው ግን ዒዱ ካለፈ በኋላ «ስልክ እምቢ ብሎኝ ነው» እየተባለ ሳይሆን በዋዜማው ይሁን። የሄደም ሰው ሳያሳውቅ በሌሊት ቤት አያንኳኳ። እንግድነትም ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተናጋጁን ማጨናነቅ ተገቢ አይደለም፤ በተለይ ጓዳው ባዶ መሆኑን እያወቅን።

ያ ወንድም ሄደ። አንድ ኪሎ ቡና ብቻ ይዞ ነበር። ሲመለስ እንደነገረን፣ እናቱ ቡናውን ያኔውኑ አስቆልታ ጎረቤቱን ጠራችበት፤ ማታ ደግሞ አራት ዓመት አጥፋ ያስቀመጠችለትን ጋቢ አውጥታ አለበሰችው።