ስለ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማና ስለ ምድር ባቡር መገናኛነቷ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ አዳማን አልፎ፣ መተሐራን ትቶ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የሚያገኛት ከተማ አዋሽ ሰባት ኪሎ ትባላለች። ከደጋ የወጣ ሰው በማለዳ የደረበውን ካፖርት በዚያ ሲደርስ አውልቆ በእጁ ይይዘዋል። ምክንያቱም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ከባሕር ዛፍና ከገብስ ማሳ ወደ ግራርና ወደ ግመል አገር መውረድ ነው። ለዛሬ የመረጥነው ርእስ የዚህችው ከተማ አቀማመጥ፣ አስተዳደርና የሐዲድ ታሪክ ነው። ከተማይቱ በስፋቷ ትንሽ ብትሆንም፣ አገራችን ከባሕር በር ጋራ የምትገናኝበት ዋናው መንገድ በእርስዋ በኩል ስለሚያልፍ፣ ነገሯ የሌላውም ነገር ነው።

አስቀድሞ ስለ ወንዙ እንናገር። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ መንጭቶ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ታጥፎ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ወንዝ ነው። ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞቻችን ድንበር ሲሻገሩ፣ እርሱ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕርም አይደርስም። ከተማይቱ ባለችበት ሥፍራ ወንዙ ጥቁር ዐለቱን ሰንጥቆ ጥልቅ ገደል ሠርቷል። ከላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሜዳው በድንገት ሲቋረጥ፣ ከሥሩም ቡናማው ውኃ በቀጭኑ ሲጋልብ ያያል። ይህ ሁሉ ስምጥ ሸለቆ በሚባለው፣ ምድር ቀስ በቀስ በምትከፈልበት ረጅም ቀበቶ ውስጥ የሚገኝ ነው። ለዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ከተማይቱ የንጉሥ መቀመጫ ወይም የጥንት የገበያ ሥፍራ ሆና አልተቈረቈረችም። የወለዳት ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ለስዊስ አገሩ ሰው ለመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሰጡ በኋላ፣ በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ሥራ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ. ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ግን ገንዘብ አለቀ፤ በመንግሥታትም መካከል ክርክር በዛ፤ ፊተኛው ኩባንያም ከሰረ። በ1900 ዓ. ም. አዲስ ፈቃድ ወጥቶ፣ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተባለው ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ መግፋት ጀመረ። መሐንዲሶቹ አዋሽን የሚሻገሩበት ሥፍራ ሲፈልጉ ገደሉ ጠባብ የሆነበትን መረጡ፤ በዚያም የብረት ድልድይ ተዘረጋ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበረ። ከጅቡቲ የተነሣ ተሳፋሪ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ በጣቢያው አጠገብ ለመንገደኞች ማረፊያ የሚሆን ቤት ተሠራ፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ቡፌ ዳዋሽ እየተባለ የሚጠራው ነው። ያ ቤት ያስተናገደው እንግዳ ብዙ ነው፤ አምባሳደርም ነጋዴም አድሮበታል። የጣቢያ ሠራተኞች፣ ጥገና የሚያደርጉ አናጢዎችና ብረት ቀጥቃጮች፣ ሻይና ዳቦ የሚሸጡ ሴቶች፣ ወተትና ቅቤ ይዘው የሚመጡ አፋሮችና ከረዩዎች ሁሉ በባቡሩ ሰዓት ይኖሩ ነበር። በከተማ ደወል ፈንታ ፊሽካ ነበረና።

ከዚሁ ጣቢያ ደግሞ አዋሽን እስከ መጨረሻው ለመከተል የተነሡ ሰዎች ወጥተዋል። በ1920 ዓ. ም. ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ከዚህ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ወደ ሰሜን አቋርጧል። በ1926 ዓ. ም. ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግመሎቹን ጭኖ ከዚሁ ወጥቶ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ እንደሚቀር በዐይኑ አይቶ ታጁራ ገብቷል። ለአውሮፓ ሰዎች አዲስ ግኝት የተባለውን ነገር የአፋር እረኛ ከአባቱ ሰምቶ ያውቀው እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ድልድዩም የጦርነትን ጽዋ ቀምሷል። በ1933 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሰ፤ የእንግሊዝ ጦርም በመጋቢት ወር መጨረሻ ወንዙን ተሻግሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ ይልቅ በነዋሪዎቹ ልብ ውስጥ የቀረው ግን የ1977 ዓ. ም. ኀዘን ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው የጫነ ባቡር፣ ከከተማይቱ አጠገብ በጠመዝማዛ ሥፍራ ባለ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ዘመኑ የረኀብ ዘመን ስለ ነበረ የዓለም ወሬ በሌላ ነገር ተይዞ፣ ይህ መከራ የሚገባውን ያህል ሳይነገርለት ቀረ።

አሮጌው ሐዲድ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠራ፤ ነገር ግን ብረቱ አረጀ፣ ዕቃውም በከባድ መኪና መጓዝ ጀመረ፤ በ2000 ዓ. ም. ግድም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ ተቋረጠ። በእርሱ ፈንታ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደውና 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ. ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በታኅሣሥ 2010 ዓ. ም. ጀመረ። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሲሆን ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ በአዋሽ በኩል የሚያልፉት ባቡሮች አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ከዚሁም ወደ ሰሜን በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ በቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ. ም. ሥራው ተጀምሮ፣ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ተዘርግቷል። ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ በሰሜን የተነሣው ጦርነት በዚህ ሥራ ላይም ጉዳት አድርሷል።

እንግዲህ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ግማሽ ቀን ሲያጥር፣ በመካከል ያለችው ከተማ ምን ታገኛለች? ተሳፋሪው አያድርም፤ ምሳውንም ወርዶ አይበላም፤ ዕቃውም ታሽጎ ያልፋል። አሮጌው ባቡር ዝግ ያለ ስለ ነበረ በየጣቢያው ገበያ ይፈጥር ነበር፤ አዲሱ ፈጣን በመሆኑ ገበያውን ይዞ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ሐዲዱ የግጦሹን ምድር ሁለት ላይ ስለ ከፈለው ከብትና ግመል በባቡር እየተገጨ፣ የካሳ ነገር በአርብቶ አደሩና በባቡሩ ድርጅት መካከል ብዙ ጊዜ አነጋግሯል። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቤተ ሰብ አንዲት ግመል ማለት ወተት፣ ጭነትና ቁጠባ መሆኗን ያላወቀ ሹም ይህን ክርክር ሊዳኝ አይችልም። የከተማይቱ ተስፋ ያለው የሰሜኑና የምሥራቁ ሐዲድ በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ዕቃ የሚወርድበትና የሚጫንበት ሥፍራ በሆነች ጊዜ ሥራ ታገኛለችና።

አሁን ወደ አስተዳደሩ እንለፍ። በ1987 ዓ. ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ከተማይቱ በአፋር ክልል፣ ገቢ ረሱ በሚባለው በሦስተኛው ዞን፣ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከዚያ በታች ቀበሌዎች አሉ፤ ቀበሌ የተባለው የከተማ አስተዳደር መሠረት የተጣለው በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። የክልሉ ርእሰ ከተማ ቀድሞ አሳይታ ነበረ፤ በኋላ ሰመራ ሆነ። ከአዋሽ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ጉዳይ ያለው ሰው ከርእሰ ክልሉ ይልቅ አዲስ አበባ ይቀርበዋል። ከተማይቱ በክልሉ ጠርዝ ላይ ያለች በመሆኗ በምዕራብም በምሥራቅም ከኦሮሚያ ወረዳዎች ጋራ ትጎራበታለች፤ አፋሩ፣ ከረዩው፣ ኢቱው፣ አርጎባው፣ አማራውና ሌላውም በአንድ ገበያ ይገናኛል። ሰኞ የገበያው ቀን ነው። ውኃና ግጦሽ ባነሰ ጊዜ ጠብ ሲነሣ፣ ከመንግሥት ፍርድ ቤት አስቀድሞ የሚሠራው መድአ የሚባለው የአፋር ባህላዊ ሕግና የጎሣ ሽማግሌዎች ዳኝነት ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ የሙያችን ነገር ስለ ሆነ፣ ስለ ዳጉ ጥቂት ልጨምር። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይላሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ዝናም የጣለበትን፣ በሽታ የገባበትን፣ እንግዳ የታየበትን በዝርዝር ይነጋገራሉ። ወሬውን ከማን እንደ ሰሙትም ይጠያየቃሉ። ሐሰት ያወራ ሰው ስሙ ይጠፋል። ማሠራጫ ጣቢያ የሌለው፣ ነገር ግን ከእኛ ፈጥኖ የሚደርስ ሬዲዮ ነው።

ስለ መስሕቡም ብንናገር፣ ከከተማይቱ በስተምዕራብ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1958 ዓ. ም. ተቋቁሞ በ1961 ዓ. ም. በሕግ ጸንቷል፤ ስፋቱም 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሳላ የሚባለው ቀንደ ረጅሙ አውሬ፣ የሜዳ ፍየል፣ አምባራይሌ፣ ከርከሮ፣ በወንዙም ውስጥ አዞ ይገኛል። ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች በዚህ ሥፍራ ተገናኝተው ስለሚዋለዱ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋቸዋል። የአእዋፉ ዓይነት ከ450 ይበልጣል። ወንዙ ወደ ገደሉ ሲገባ የሚሠራው ፏፏቴ በክረምት ማለፊያ ላይ ሲታይ ያስደንቃል። በስተሰሜን ደግሞ በዘንባባ የተከበበ የጠራ ሰማያዊ ፍል ውኃ አለ። ዳሩ ግን ፓርኩ ሲከለል ከረዩዎችና አፋሮች ከብቶቻቸውን በበጋ የሚያሰማሩበት ምድር ተወስዷል፤ ዛሬም ዘበኛውና እረኛው የሚጋጩት በዚሁ ነገር ነው። ጐብኚው ላሞች በፓርኩ ውስጥ ቢያይ ሕግ ተጣሰ ከማለቱ በፊት ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

ከፓርኩ በላይ የቆመው ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። ከእግሩ ሥር በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውና ከመሬት በታች የሚፈልቀው ውኃ እየተጨመረበት፣ ጨዋማ ስለ ሆነም ለመጠጥም ለእርሻም ሳይረባ፣ ግጦሹን ዋጠ፤ አሮጌውን ሐዲድና የመኪናውን መንገድ አጥለቀለቀ፤ መንገዱም ደጋግሞ ከፍ ተደርጎ መሠራት ነበረበት።

ከዚያም ምድሪቱ ራሷ ተናገረች። ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የመሬት መንቀጥቀጥ በየቀኑ ይሰማ ጀመር፤ በታኅሣሥ ወር እጅግ በረታ፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በወሩ መጨረሻ ከዶፈን አጠገብ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ፈንድቶ ወጣ። ሊቃውንት እንዳስረዱት ምክንያቱ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች በስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ መሄዱ ነው። ቤቶች ፈረሱ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከአዋሽ ፈንታሌና ከአካባቢው ወረዳዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወረ። በዚያው አቅራቢያ የከሰም ግድብ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ መያዝ የሚችል በመሆኑ ከታች ያሉት መንደሮች ሁሉ ዐይናቸውን ወደ እርሱ አድርገው ሰነበቱ። ግድቡ አልፈረሰም። በዚያ ወራት በጭነት መኪና የቤት ዕቃቸውን ይዘው ከወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሌላ ምድር ስላልነበራቸው አባቶች ሴቶችንና ልጆችን ሸኝተው ከመንጋው ጋራ ቀሩ።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ሙቀቱ ይቀልለታል። በመኪና የሚመጣ ሰው ከከተማይቱ ሲወጣ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ያገኛል፤ በስተቀኝ ያለው በሚኤሶ አድርጎ ወደ ጭሮና ወደ ድሬዳዋ፣ በስተግራ ያለው በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ይወስዳል። ጊዜ ካለው ግን ወደ አሮጌው ጣቢያ ጎራ ብሎ የቆሙትን ፉርጎዎችና በሐዲዱ መካከል የበቀለውን ሣር ይመልከት፤ ከዚያም ወደ ገደሉ አፋፍ ወጥቶ ድልድዩን ከነወንዙ ይይ።